የልጆች ስፒች ቴራፒ ወጪ የማን ነው? የካውንስሉ ወይስ የኤን ኤች ኤስ?

በቅርቡ አንዲት ወዳጄ ሁለት ደብዳቤ ይዛ መጣች። የአምስት ዓመት ልጇ ንግግር ይቸግረዋል። ከኤን ኤች ኤስ (ከመንግሥት የጤና አገልግሎት) የመጣው ደብዳቤ፣ ልጁ የተመደበለትን ቀጠሮ ስለጨረሰ ከዚህ በላይ ካስፈለገው ትምህርት ቤቱን ወይም ካውንስሉን አነጋግሪ ይላል። ከካውንስሉ (ከአካባቢው አስተዳደር) የመጣው ደግሞ ስፒች ቴራፒ የጤና አገልግሎት ስለሆነ ኤን ኤች ኤስን ጠይቂ ይላል። «ቆይ፣ እነዚህ ሰዎች ተነጋግረው ነው የሚያሾፉብኝ?» አለችኝ።

አልተነጋገሩም። ችግሩም እሱ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ የልጆች ስፒች ቴራፒ የሚከፈልበት ኪስ ከአንድ በላይ ነው። የትኛው ኪስ መቼ እንደሚከፈት ደግሞ አብዛኛው ወላጅ የሚያውቀው ከተጣላ በኋላ ነው። ነገሩ የተወሳሰበ ነው እንጂ የማይገባ አይደለም፤ ቀስ ብለን እንየው። የምጽፈው ስለ እንግሊዝ ብቻ ነው፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ዓመቶቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

## ስፒች ቴራፒ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ብዙ ሰው ቃሉን ሲሰማ በዓይኑ የሚመጣበት አንድ ፊደል ማለት ያቃተው ልጅ መስተዋት ፊት ተቀምጦ ሲለማመድ ነው። እሱም አለ። ግን የሙያው ሙሉ ስም «የንግግርና የቋንቋ ሕክምና» ነው፣ ቋንቋ የምትለዋ ደግሞ ከባዷ ናት። አንድ ልጅ ቃላቱን አጥርቶ እየተናገረ የሚባለው ላይገባው ይችላል። አስተማሪዋ «ኮትህን ሰቅለህ፣ መጽሐፍህን አውጥተህ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥ» ስትለው የመጨረሻዋን ብቻ ይዞ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ይላል። ኮቱን እንደለበሰ። «ይሄ ልጅ አይሰማም» ይባላል። ይሰማል። አልገባውም እንጂ።

ዲ ኤል ዲ የሚባል ችግር አለ። ሌላ የሚታይ ምክንያት ሳይኖር ልጁ ቋንቋን በቀላሉ መማር የማይችልበት፣ አብሮት የሚያድግ ችግር ነው። 30 ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥ ወደ ሁለት የሚጠጉ ልጆች እንዳለባቸው ይገመታል። ከኦቲዝም ጋር ሲነጻጸር ስሙን የሰማው ሰው በጣም ጥቂት ነው። ከዚህ ሌላ የሚንተባተቡ ልጆች አሉ፣ ኦቲዝም ያለባቸው አሉ፣ መስማት የሚከብዳቸው አሉ፣ ምግብ መዋጥ የሚቸገሩ አሉ። ሁሉም እዚያው በር ላይ ነው የሚሰለፉት።

ከገንዘቡ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቴራፒስቷ በየሳምንቱ ከልጁ ጋር ቁጭ የምትል ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን እንደዚያ አይደለም። ልጁን ትመረምራለች፣ ፕሮግራም ትጽፋለች፣ የክፍሉን ረዳት አስተማሪ ታሠለጥናለች፣ ከዚያ ከወራት በኋላ ተመልሳ ታያለች። በየቀኑ ከልጁ ጋር የምትሠራው ረዳቷ ናት። ይህ አሠራር በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ረዳቷ በደንብ ከሠለጠነች በሳምንት አንዴ ብቅ ከሚል እንግዳ ይልቅ ለልጁ ልትጠቅመው ትችላለች። ግን ሒሳቡ ይለያያል። የቴራፒስቷ ደመወዝ ከአንድ ኪስ፣ የረዳቷ ከሌላ ኪስ ይወጣል። ስለዚህ ለአንድ ልጅ እንኳ «ማን ነው የሚከፍለው?» የሚለው ጥያቄ በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት መልስ ሊኖረው ይችላል።

## ለምን ለሁለት ተከፈለ?

የድሮ ታሪክ ነው። እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ከቴራፒስቶቹ ከፊሉ ለአካባቢው ትምህርት አስተዳደር፣ ከፊሉ ለሆስፒታል ነበር የሚሠሩት። በ1972 ራንዶልፍ ክወርክ የሚባል የቋንቋ ምሁር የመራው ኮሚቴ ሙያው በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰብሰብ አለ። በ1974 ኤን ኤች ኤስ እንደገና ሲዋቀር ቴራፒስቶቹ ጠቅልለው ወደ ጤናው ገቡ። ልጆቹ ግን ያው ትምህርት ቤት ናቸው። ባለሙያው የጤና፣ ልጁ የትምህርት፤ ክርክሩ የተወለደው እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ የ1981 የትምህርት ሕግ መጣና የተለየ ድጋፍ የሚፈልጉ ልጆችን ፍላጎት በጽሑፍ አስፍሮ የማሟላት ግዴታ ለአካባቢው አስተዳደር ሰጠ። ወዲያው ጥያቄ ተነሳ። ስፒች ቴራፒ ትምህርት ነው ወይስ ሕክምና? ትምህርት ከሆነ ካውንስሉ ግዴታ አለበት። ሕክምና ከሆነ የኤን ኤች ኤስ ጉዳይ ነው፣ ካውንስሉ እጁን ታጥቦ ይወጣል።

በ1989 ጉዳዩ በላንካሻየር ካውንቲ ካውንስል ላይ በተከፈተ ክስ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርዱ ለማስረዳት የተጠቀመው ምሳሌ እስከዛሬ ይጠቀሳል። በካንሰር ምክንያት ማንቁርቱ የወጣለትን አዋቂ ሰው እንደገና መናገር ማስተማር ሕክምና ሊባል ይችላል፤ ከመጀመሪያው በቋንቋ መግባባት ላልቻለ ልጅ ግን ንግግር ማስተማር ጽሕፈት ከማስተማር በምንም አይለይም፣ ትምህርት ነው፣ የሚል ነው። እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማብራሪያ አላየሁም።

አሁን የሚሠራው የ2014 የልጆችና የቤተሰብ ሕግ ይህንኑ አጠናከረው። በጤና ባለሙያ የሚሰጥ ቢሆንም ልጁን የሚያስተምር ወይም የሚያሠለጥን ከሆነ እንደ ትምህርት ድጋፍ ይቆጠራል ይላል። በ2015 የወጣው የመንግሥት መመሪያ ደግሞ መግባባት ለትምህርት መሠረት ስለሆነ የንግግርና የቋንቋ ድጋፍ፣ የተለየ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ እንደ ትምህርት ድጋፍ መጻፍ አለበት ይላል።

በምሳሌ ላስረዳ። ሁለት ተከራዮች በአንድ ኮሪደር ይወጣሉ፣ ይገባሉ። የኮሪደሩ አምፖል ተቃጠለ። መብራቱን ሁለቱም ይፈልጉታል፣ ሁለቱም «ያንተ ነው» ይባባላሉ። ሕጉ ያደረገው ነገር ቢኖር «ውሉ ላይ ስሙ የተጻፈው ይቀይር» ማለት ነው። ውሉ ምን እንደሆነ እንመጣበታለን። ውል የሌለው ቤት ውስጥ ግን ጨለማው ሊቆይ ይችላል።

## ገንዘቡ በየት በየት ይመጣል?

አንደኛው በር ኤን ኤች ኤስ ነው። በየአካባቢው የጤናውን ገንዘብ ይዞ አገልግሎት የሚገዛ አይ ሲ ቢ የሚባል ቦርድ አለ። በሐምሌ 2022 ሲቋቋሙ በመላው እንግሊዝ 42 ነበሩ። አይ ሲ ቢው ከአካባቢው የኤን ኤች ኤስ ትረስት ጋር ውል ይገባል፣ ትረስቱ ቴራፒስቶች ይቀጥራል፣ በጂፒ ወይም በናርሰሪ ሪፈር ስትደረጉ የምትሄዱበት ክሊኒክ ይሄ ነው።

ሁለተኛው በር ካውንስሉ ነው። ማዕከላዊው መንግሥት ለየካውንስሉ ለትምህርት ብቻ የሚውል ድጎማ ይልካል። ድጎማው አራት ክፍል አለው። አንደኛው ለትምህርት ቤቶች፣ አንደኛው ለሕፃናት፣ አንደኛው ካውንስሉ ራሱ ለሚሠራቸው ሥራዎች፣ የመጨረሻው ደግሞ ከፍተኛ ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው ልጆች ነው። «ሃይ ኒድስ» የሚሉት ይህንን ነው። የልዩ ትምህርት ቤት ወጪ ከዚህ ይወጣል፣ ለልጆች ተጨማሪ ረዳት ከዚህ ይወጣል፣ የካውንስሉ የስፒች ቴራፒ ገንዘብም በአብዛኛው ከዚህ ነው። ብዙ ሰው ከካውንስል ታክሱ የሚከፈል ይመስለዋል፣ ግን አይደለም። ካውንስሉ በራሱ የአካባቢ ገንዘብ የዚህን ኪስ ጉድለት ልሙላ ቢል እንኳ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው በር ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው። ትምህርት ቤቶች በጀታቸው ውስጥ ለልዩ ድጋፍ ተብሎ የታሰበ ድርሻ አለ። ለአንድ ልጅ በዓመት እስከ 6,000 ፓውንድ የሚደርሰውን ተጨማሪ ወጪ ራሳቸው እንዲሸፍኑ ይጠበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ለካውንስሉ «ሙላልኝ» የሚሉት። ሆኖም 6,000ው በልጁ ስም ተለይቶ የተቀመጠ ገንዘብ እንዳይመስላችሁ። ለሒሳብ ሲባል የታሰበ ቁጥር ነው፣ በተግባር ከሌላው በጀት ጋር ተቀላቅሏል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ከዚሁ በጀታቸው በወር የተወሰኑ ቀናት የሚመጣ ቴራፒስት ይገዛሉ፣ ከኤን ኤች ኤስ ትረስቱም ከግልም። ለዚህ ነው ጎረቤት ትምህርት ቤት ቴራፒስት እያላት የእናንተ የማይኖራት።

አንድ ትንሽ በር ደግሞ አለች። ከጥቅምት 2015 ጀምሮ ከዜሮ እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆችን የሚያዩት ሄልዝ ቪዚተሮች የሚከፈላቸው በካውንስሉ በኩል ነው፣ ለሕዝብ ጤና ተብሎ ከሚላክ ድጎማ። ልጁ ሁለት ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆነው የሚያደርጉት ምርመራ ስለ ንግግሩም ይጠይቃል። ያ ቀጠሮ እንዳያልፋችሁ። ወደ ሌሎቹ በሮች የሚያስገባው መጀመሪያ እሱ ነው።

## ታዲያ ካውንስሉና ኤን ኤች ኤሱ አብረው አይሠሩም?

ሕጉ አብራችሁ ሥሩ ይላቸዋል። የ2014ቱ ሕግ ካውንስሉና የጤናው ቦርድ በጋራ አቅደው፣ በአካባቢው ምን አገልግሎት እንደሚያስፈልግና ማን ምን እንደሚገዛ እንዲስማሙ ያዛል። እንዴት ይካፈሉት የሚለውን ግን ለእነሱ ትቶታል። ግማሽ ለግማሽ አይልም። ስለዚህ በአንዱ ከተማ ሁለቱ ገንዘባቸውን አዋጥተው አንድ ቡድን ይቀጥራሉ፣ ወላጁ ማን እንደከፈለ እንኳ አያውቅም። በሌላው ደግሞ አይ ሲ ቢው መሠረታዊውን ብቻ ገዝቶ «ከዚህ በላይ የትምህርት ነው» ይላል፣ ካውንስሉ ኢ ኤች ሲ ፒ የሚባል የድጋፍ ሰነድ ላላቸው ልጆች ብቻ ለብቻው ይገዛል፣ መሃል ላይ ያለው ልጅ ሜዳ ላይ ይቀራል። የወዳጄ ሁለት ደብዳቤ የመጣው ከእንደዚህ ዓይነት ቦታ ነው።

የእናንተ አካባቢ እንዴት እንደተካፈለ ለማወቅ ካውንስሉ ድረ ገጹ ላይ «ሎካል ኦፈር» ብሎ እንዲያወጣ በሕግ ይገደዳል። አንዳንዱ ግልጽ ነው፣ አንዳንዱ ስትፈልጉት ትውላላችሁ።

## ኢ ኤች ሲ ፒ የሚባለው ወረቀት ምን ይለውጣል?

ሁሉን ነገር ይለውጣል ብል ማጋነን አይሆንም። ኢ ኤች ሲ ፒ ልጁ በትምህርት፣ በጤናና በማኅበራዊ ድጋፍ ምን እንደሚያስፈልገው የሚዘረዝር ሕጋዊ ሰነድ ነው። እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ሊቀጥል ይችላል። ቅድም ውል ያልኩት ይሄንን ነው።

ሰነዱ በፊደል የተሰየሙ ክፍሎች አሉት። ሴክሽን ቢ የልጁን ችግር ይገልጻል። ሴክሽን ኤፍ ለትምህርቱ የሚሰጠውን ድጋፍ። ሴክሽን ጂ ለጤናው የሚሰጠውን። አሁን ልብ በሉ። ስፒች ቴራፒው ሴክሽን ኤፍ ላይ ከተጻፈ በሕግ የማቅረብ ግዴታው የካውንስሉ ነው። «ኤን ኤች ኤስ ቴራፒስት የለውም» ብሎ ማምለጥ አይችልም። ኤን ኤች ኤሱ ካልቻለ ካውንስሉ ከግል መግዛት አለበት፣ ገንዘብ የለኝም ማለትም አያድነውም። ሴክሽን ጂ ላይ ከተጻፈ ግን ግዴታው የጤናው ቦርድ ይሆናል፣ የልዩ ፍላጎት ክርክሮችን የሚያየው ፍርድ ቤትም በዚያ ክፍል ላይ ማዘዝ አይችልም፤ ምክር መስጠት ብቻ ነው የሚችለው።

አንድ ገጽ ወዲህ፣ አንድ ገጽ ወዲያ። ልጁ ያው ልጅ፣ ቴራፒስቷ ያቺው ቴራፒስት።

ቀጥሎ ያለው ወጥመድ አጻጻፉ ነው። «ለስፒች ቴራፒ ዕድል ይኖረዋል» ወይም «እንደ አስፈላጊነቱ ምክር ይሰጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲያዩት ደስ ይላል፣ ግን ምንም አያስገድድም። ካውንስሉ በዓመት አንዴ ስልክ ተደውሎ ምክር ቢሰጥ «አደረግሁ» ይላችኋል። «ብቃት ባለው የስፒች ቴራፒስት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለ30 ደቂቃ፣ ለብቻው፤ ከዚህ ሌላ ረዳት አስተማሪዋን ለማሠልጠን በተርም ሦስት ሰዓት» የሚል ከተጻፈ ግን ሊቆጠር ይችላል። ካልተሰጠም አልተሰጠም ማለት ይቻላል። መመሪያውም ድጋፉ ዝርዝርና የሚለካ እንዲሆን ይጠይቃል። ረቂቁ ሲደርሳችሁ አስተያየት ለመስጠት ቢያንስ 15 ቀን አላችሁ። ያን ጊዜ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ሴክሽን ኤፍን በእርሳስ እያሰመራችሁ አንብቡ። ማን? ስንት ጊዜ? ለስንት ደቂቃ? መልስ ያላገኛችሁበት መስመር ላይ ጥያቄ ጻፉ።

ቴራፒስቷ ራሷ በሪፖርቷ ላይ ቁጥር ካላስቀመጠች ካውንስሉ ከየትም አያመጣውም። አንዳንዴ ሪፖርት ላይ የሚጻፈው ልጁ የሚያስፈልገው ሳይሆን አገልግሎቱ መስጠት የሚችለው ነው። እንዲህ ሲገጥማችሁ በትህትና አንድ ጥያቄ ጠይቁ። «የሰው እጥረት ባይኖር ኖሮ ልጄ ስንት ጊዜ ያስፈልገው ነበር?»

## ካውንስሎቹ እውነት ገንዘብ አጥሯቸዋል?

አዎ። ሰበብ ብቻ አይደለም። በ2015 ኢ ኤች ሲ ፒ ወይም ከእሱ በፊት የነበረው ተመሳሳይ ሰነድ የነበራቸው ልጆችና ወጣቶች 240 ሺህ ገደማ ነበሩ። በጥር 2024 576 ሺህ ደረሱ፣ በጥር 2025 ከ638 ሺህ በለጡ። የመንግሥት ወጪ ተቆጣጣሪው ብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት በጥቅምት 2024 ባወጣው ሪፖርት፣ የሃይ ኒድስ ገንዘብ በ2024/25 10.7 ቢሊዮን ፓውንድ ደርሷል፤ የዋጋ ንረቱ ተቀንሶ እንኳ በአሥር ዓመት ውስጥ 58 በመቶ አድጓል ይላል። ብዙ ገንዘብ ነው። ግን የልጆቹ ቁጥር ከገንዘቡ ቀድሞ ሮጠ።

ካውንስሎች ደግሞ ሕጋዊ ግዴታውን መተው ስለማይችሉ ከተሰጣቸው በላይ አወጡ። ጉድለቱ ተጠራቀመ። ያው ሪፖርት ጉድለቱ እስከ መጋቢት 2026 ከ4.3 እስከ 4.9 ቢሊዮን ፓውንድ ሊደርስ ይችላል ብሎ ነበር። ታዲያ እንዴት አልከሰሩም? መንግሥት በ2020 አንድ ዘዴ አመጣ። ይህ ዕዳ ከካውንስሉ ዋና ሒሳብ ተነጥሎ በሌላ ደብተር እንዲቀመጥ ፈቀደ። የዱቤ ደብተርን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ «እኔ ዕዳ የለብኝም» እንደማለት ነው፤ ዕዳው ግን እዚያው አለ፣ ወለዱም ይቆጥራል። ፈቃዱ ደጋግሞ ተራዝሞ አሁን እስከ መጋቢት 2028 ደርሷል።

ይህ ለእናንተ ልጅ ምን ማለት ነው? ካውንስሉ ሴክሽን ኤፍ ላይ ቁጥር መጻፍ የሚፈራው ለዚህ ነው። እያንዳንዷ «በሳምንት 30 ደቂቃ» ሊሸሽ የማይችለው ወጪ ናት። ደብዳቤውን የጻፈችው ሠራተኛ ክፉ ሆና አይደለም። ብዙ ጊዜ እሷም ሌላ መቶ ልጅ በእጇ ይዛለች። ይህን ማወቅ ለመረጋጋት ይጠቅማል፣ መብታችሁን ለመተው ግን ምክንያት አይሆንም።

ገንዘብ ቢገኝ እንኳ ሌላ ችግር አለ፣ ሰው። ስፒች ቴራፒስት ለመባል ዲግሪ ተምሮ በጤና ሙያተኞች ምክር ቤት መመዝገብ ግድ ነው፣ ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው። በአንድ በጀት ዓመት ገንዘብ ስለጨመሩ ብቻ በዚያው ዓመት ቴራፒስት አይወለድም።

## ኢ ኤች ሲ ፒ የሌለው ልጅስ?

የንግግርና የቋንቋ ችግር ካለባቸው ልጆች አብዛኞቹ ኢ ኤች ሲ ፒ የላቸውም። ለእነሱ ሕጉ ለስለስ ይላል። ትምህርት ቤቱ የልጁን ፍላጎት ለማሟላት «የሚቻለውን ሁሉ» እንዲያደርግ ይገደዳል፣ ግን ይህን ያህል ደቂቃ ብሎ የሚያስገድደው ወረቀት የለም። በየትምህርት ቤቱ ሴንኮ የምትባል የልዩ ድጋፍ ኃላፊ አለች። መጀመሪያ የምታነጋግሩት እሷን ነው። ልጁን ወደ ቴራፒ ቡድኑ ሪፈር ማድረግ ትችላለች፣ በብዙ አካባቢ ወላጅም ራሱ ማመልከት ይችላል።

መንግሥት በዚህ በኩል የሞከራቸው ነገሮች አሉ። ከ2020 ጀምሮ ሪሴፕሽን (የትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዓመት) ላሉ ልጆች በትምህርት ቤት ሠራተኞች የሚሰጥ ኔሊ የሚባል የቋንቋ ፕሮግራም በገንዘብ ደግፏል። በ2023 ደግሞ በዘጠኝ የአይ ሲ ቢ አካባቢዎች ኤልሴክ የሚባል ሙከራ ተጀመረ፤ የትምህርትና የጤና ሚኒስቴሮች ከኤን ኤች ኤስ ጋር ሆነው የቴራፒ ረዳቶችን ወደ ናርሰሪና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚልኩበት ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ልጁ ገና አራት ዓመቱ ሳለ ከተያዘ ስምንት ዓመቱ ላይ ወፍራም ሰነድ ላያስፈልገው ይችላል።

## «ቤት ውስጥ አማርኛ ስለምንናገር ነው» ይሉኛል፤ እውነት ነው?

አይደለም። ሁለት ቋንቋ መስማት የቋንቋ ችግር አያመጣም። እውነተኛ ችግር ካለ በሁለቱም ቋንቋ ይታያል። ልጁ በአማርኛ ከእኩዮቹ እኩል ተረት ሲያወራ እየዋለ እንግሊዝኛው ብቻ ከዘገየ፣ እንግሊዝኛ እየተማረ ነው ማለት ነው፣ ሕጉም ይህን ብቻውን እንደ ልዩ ፍላጎት አይቆጥረውም። በአማርኛም ሁለት ቃል ማያያዝ ካቃተው ግን «እንግሊዝኛ ሲለምድ ይስተካከላል» ተብሎ መጠበቅ የለበትም።

ለገንዘቡም ይህ ወሳኝ ነው፣ ምክንያቱም «የቋንቋ ልምድ ነው» የምትለዋ አንዲት መስመር በሩን ልትዘጋው ትችላለች። ለምርመራ ስትሄዱ አስተርጓሚ ጠይቁ። ልጁ በአማርኛ ምን እንደሚልና ምን እንደማይል፣ ስንት ዓመቱ ላይ የመጀመሪያ ቃሉን እንዳወጣ፣ ስታዙት ምን እንደሚያደርግ ጽፋችሁ ሂዱ። ቴራፒስቷ አማርኛ አትችልም፤ ያን መረጃ ከእናንተ በቀር የምታገኝበት የላትም። እባካችሁ ደግሞ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ለማውራት ብላችሁ ቋንቋችሁን አትተዉ። ልጁ የሚያጣው ብቻ ነው የሚበዛው።

## ካውንስሉ እምቢ ቢልስ?

የኢ ኤች ሲ ፒ ምርመራ እንዲደረግ ወላጅ ራሱ መጠየቅ ይችላል። የትምህርት ቤቱ ፈቃድ አያስፈልግም፣ ዳያግኖሲስም አያስፈልግም። ሕጉ የሚጠይቀው ልጁ ልዩ ፍላጎት ያለው «ሊሆን የሚችል» መሆኑንና በሰነድ የታገዘ ድጋፍ «ሊያስፈልገው የሚችል» መሆኑን ነው። አንዳንድ ካውንስል ከዚህ ከፍ ያለ የራሱን መስፈርት ይዞ ይመጣል። ሕጉ ግን ያው ነው። ጥያቄው ከደረሰው በስድስት ሳምንት ውስጥ እመረምራለሁ ወይም አልመረምርም ብሎ መመለስ አለበት። ሰነዱን የሚሰጥ ከሆነ ከጥያቄው ቀን ጀምሮ በ20 ሳምንት ውስጥ ማለቅ አለበት። በ2024 በዚህ ጊዜ ውስጥ የተጠናቀቀው ከግማሽ በታች ነበር፣ ስለዚህ ቀኑን እናንተም ቁጠሩት።

ምርመራው ሲጀመር የስፒች ቴራፒስት አስተያየት እንዲጠየቅ በጽሑፍ አሳስቡ። ጥያቄያችሁ ምክንያታዊ ከሆነ ካውንስሉ መጠየቅ አለበት።

አልመረምርም ካለ፣ ሰነዱን አልሰጥም ካለ፣ ወይም የሰጠው ሴክሽን ኤፍ ባዶ ቃል ከሆነ ወደ ልዩ ፍላጎት ፍርድ ቤት ይግባኝ አለ። ክፍያ የለውም፣ ጠበቃም ግዴታ አይደለም። ጊዜው ከውሳኔው ደብዳቤ ቀን ሁለት ወር፣ ወይም የሽምግልና ሰርተፊኬት ካገኛችሁ አንድ ወር ነው፤ ከሁለቱ የዘገየው ይቆጠራል። በአብዛኛው ጉዳይ ሰርተፊኬቱ ያስፈልጋል፣ ሽምግልናው ላይ መቀመጥ ግን ግዴታ አይደለም፤ ስልክ ደውላችሁ ስለ ሽምግልና ካነጋገሯችሁ በኋላ አልፈልግም ማለት ትችላላችሁ። ችሎቱ ድረስ ሄደው ውሳኔ ካገኙት አሥር ጉዳዮች ከዘጠኙ በላይ፣ ቢያንስ በከፊል፣ ለወላጅ ነው የሚፈረደው። ለመድረስ ግን ወራት ይፈጃል፣ ጉልበትም።

ሰነዱ ትክክል ሆኖ ቴራፒስቷ ብቻ ካልመጣችስ? ያ የፍርድ ቤቱ ጉዳይ አይደለም። መጀመሪያ ለካውንስሉ አቤቱታ፣ ካልሆነ ለአካባቢ አስተዳደር ኦምቡድስማን፣ ማለትም በካውንስሎች ላይ የሚቀርብ ቅሬታ ለሚመረምረው ነጻ አካል ነው። በየተርሙ የመጣችበትን ቀን ካላንደር ላይ የምታሰፍሩት ለዚህ ቀን ነው።

በየካውንስሉ «ሰንዲያስ» የሚባል ነፃ የምክር አገልግሎት መኖር አለበት። ደብዳቤ ለማንበብ፣ ለመጻፍ፣ ስብሰባ ላይ አብሮ ለመቀመጥ ይረዳሉ።

## ቤት ብንቀይርስ?

ኢ ኤች ሲ ፒ ካለ ወደ ሌላ ካውንስል ስትዛወሩ ሰነዱ አብሮ ይዛወራል፣ አዲሱም ካውንስል የተጻፈውን ማቅረብ ይጀምራል። ሰነድ ከሌለ ግን የኤን ኤች ኤስ ወረፋው ብዙ ጊዜ በአዲሱ አካባቢ እንደገና ይጀምራል፤ የአካባቢው ቦርድ የገዛው አገልግሎትም ሌላ ሊሆን ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት የመጨረሻውን የቴራፒ ሪፖርት ጠይቃችሁ በእጃችሁ ያዙ።

ወዳጄ የኢ ኤች ሲ ፒ ምርመራ ይደረግልኝ የሚል ጥያቄዋን ባለፈው ሰኞ ለካውንስሉ በኢሜይል ልካለች። ሁለቱንም ደብዳቤ አብራ አያይዛ። ስድስቱ ሳምንት እየተቆጠረ ነው።